መብራት ሲሄድ የሚሮጠው ሙሌ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እህቱ መልሳ ደወለች። ሙሌ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ልቡ ነው አሉ። ትናንት እኮ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሲያሾፍብኝ ነበር!

ለማታውቁት፣ ሙሉጌታ የጊዮርጊስ ሰፈር ልጅ ነው። በየአገሩ ሰው በነፃ የሚጠቀምበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። እዚያ ውስጥ የላፕቶፕ ባትሪን የሚከታተለውን ክፍል ከሚንከባከቡት አንዱ ነበር። የሚከፍለው የለም፤ ወዶ ነው።

እኔ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ላፕቶፔ ያረጀ ነው። ፋብሪካው የጫነበት፣ ፈርምዌር የሚሉት ፕሮግራም ደግሞ ቀጣፊ ነበር። መብራት ሲሄድ "ባትሪዬ ግማሽ ነው" እያለ ድርግም ይላል። አንዴ የአንዲት እናት አቤቱታ ሊያልቅ ሲል ይዞብኝ ጠፋ። ሴትዮዋ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ሙሌ ይህን ሰምቶ መጣ። "ይጥፋ፤ ግን ነግሮ ይጥፋ" አለ።

ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ሰፈሩ ሲራገም እሱ ላፕቶፔ ሲዋሽ ሊያይ እየሮጠ ይመጣል። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ጋሽ ታደሰ "ሙሌ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ሄደልህ!" ይሉታል።

"ገመዱን ብነቅለው አይበቃም?" ስለው ሳቀብኝ። "የፒያሳ መብራት አንዴ ሄዶ አይቀርም። ሄደ ሲሉት ይመጣል፣ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ፈርምዌሩ የሚዋሸው ያኔ ነው፤ እሱን በእጄ ገመድ እየነቀልኩ ላስመስለው አልችልም" አለኝ። እያየ አረመው፤ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። በመጨረሻ ባትሪው እውነት መናገር ጀመረ።

አምና ውጭ አገር ያሉት ባልደረቦቹ "ይህን አሮጌ ላፕቶፕ የሚጠቀም የለም፤ የእሱን ድጋፍ እናውጣው" አሉ። ሙሌ "አንዲት ሴት እንጀራዋን ትበላበታለች፤ እኔ እጠብቀዋለሁ" ብሎ ጻፈላቸው። ተዉት። ከእንግዲህ ማን እንደሚጠብቀው አላውቅም።

አሁን ይህን ስጽፍ መብራት ሄደ። ጋሽ ታደሰ ከልማድ "ሙሌ..." ብለው ጀመሩና መነጽራቸውን አወለቁ። ላፕቶፑ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል ይላል። አምነዋለሁ።

ሙሌ፣ ይህን ግዑዝ ዕቃ ነግሮኝ እንዲጠፋ አስተማርከው። አንተ ግን ምንም አልነገርከኝም። ከፍቶኛል፤ ግን አልቀየምህም።

ደህና ሁን ወንድሜ። ቀስ እያልክ ሂድ። ዛሬ የሚያስሮጥህ የለም።