በወይራው ሆድ ውስጥ ስንት ሰው ነበር

ልጅ ሳለሁ ከክልክሉ ደን አንድ ጽድ ቆረጥሁ፤ በእኔ ፈንታ ሌላ ሰው ተባረረ።

ደኑ ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጠባቂው አያ ዳኘው ይባሉ ነበር፤ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ልጆች ደረቅ ጭራሮ እንድንለቅም ይፈቅዱልናል። ሸክማችንን አስረን ስንጨርስ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከጎጇቸው ደጅ ያስቀምጡንና እሳቱን እየቆሰቆሱ ስለ ደኑ ያወጉናል። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያበራው፣ ደጋግመን የምናስወራቸው ከመንገዱ መታጠፊያ ስላለው፣ ሆዱ ስለተቦረቦረው ትልቅ ወይራ ነበር። በጥንት ጊዜ ጦር አገሩን ሲያስስ አንዲት ሴት የሸሸ ሰው እዚያ ውስጥ ደበቀች፤ ወታደሮቹ ሲጠይቋት «ያየሁት የለም» ብላ ከዛፉ ሥር ጥጧን ፈተለች።

አንድ ቀን የተደበቁትን ሁለት አደረጓቸው።

«አያ ዳኘው፣ ባለፈው አንድ ነው ብለውን አልነበር?»

«ያኔ ትንሽ ነበርህ። አንዱን ከአንተም ደብቄው ነው።»

ልጆቹ ሳቁብኝ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የቤታችን ምሰሶ ሥሩ በስብሶ ተሰነጠቀ። እናቴ ታማ ተኝታ ነበር። የምለምነው ዘመድ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ ወገዳ ገበያ በወጣበት ቀን የአባቴን መጥረቢያ ይዤ ደኑ ገባሁ። ጽዱን ጎትቼ አመጣሁት፤ ከአሮጌው ምሰሶ ጎን ተከልሁት፤ አዲስነቱ እንዳይታይ ጭቃ ለቀለቅሁት።

ጉቶው ተገኘ። አገሬው አውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም አያርስም፣ ከብቱንም አያሰማራም። በሁለተኛው ቀን አንዱ ተነሥቶ «የዚያች መበለት ቤት ይታይ» አለ። እናቴን ማለቱ ነው። 

አያ ዳኘው ተነሡ።

«የማንንም ቤት አትዩ። እኔ ነኝ የቆረጥሁት፤ ለጎጆዬ።»

«ጎጆህማ እንደ ዘመመች ናት!»

«ቆርጬ ባጋድመው ሰረቁኝ።»

«ጠባቂ ይሰረቃል እንዴ?»

«ይኸው ተሰረቀ።»

ሰዉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ጥበቃውን ነጠቋቸው፤ ከጎጆዋም አስወጧቸው። እኔ ከሰው መሀል ነበርሁ፤ አፌን አልከፈትሁም። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። ቢያዩኝ ይታወቅብኝ ነበር። ወደ ጋይንት ሄዱ፤ የሞታቸው ወሬ እንጂ እሳቸው አልተመለሱም። እናቴ በዚያ ምሰሶ ሥር አሥር ክረምት ከረመች።

ዘንድሮ ደኑ ለጎብኚ ተከፍቷል። ያ ጭራሮ ተሸክመን የምንወርድበት መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ባለፈው ሳምንት አንድ አስጎብኚ ወጣት ስልኩን ይዞ ከወይራው ሥር አገኘኝ።

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ የተደበቀው ስንት ሰው ነው? ሰሌዳው ላይ ልንጽፈው ነው።»

«ሦስት» አልሁት።

«ሽማግሌዎቹ ሁለት ነው ያሉኝ።»

«አንዱን ደብቀውህ ነው።»

ሳቀና ስልኩ ላይ ጻፈው። የሦስቱን ስም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። አያ ዳኘው የሉም። እናቴም የለችም። የቀረሁት እኔ ነኝ።