የገዳቢው ወንድም

ኸይረዲን ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ሌቦች!» ብሎ ሲጮህ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አብሮት ተነሳ። ሌቦች ያላቸው ሲያዩት የነበረውን ፊልም ደራሲዎች ነው። የት አገር እንደሚኖሩም ስማቸው ማን እንደሆነም አያውቅም። ያን ሰዓት ግን አንዳቸው በበሩ ብቅ ቢሉ የጎማ መፍቻውን ይዞ እንደሚቀበላቸው ማንም አልተጠራጠረም።

ኸይረዲን ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ከደሴ የሚመጣ የጭነት መኪናም፣ ከማጀቴ እህል የጫነ አይሱዙም፣ የከተማው ባጃጅም ጎማው ሲተነፍስ እሱ ዘንድ ይቆማል። ሰው ግን የሚያከብረው በጎማ አይደለም። በወጣትነቱ መንገድ ሥራ ካምፕ ገብቶ ለፈረንጅ መሐንዲሶች አራት ዓመት አስተርጉሟል፤ ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ መድረሻው እሱ ነው። የቪዛ ወረቀት ይመጣለታል፣ የውሃ ፓምፕ መመሪያ ይመጣለታል፣ የሐኪም ቤት ውጤት ይመጣለታል። እጁን በጨርቅ ይጠርግና ያነባል። ካነበበ በኋላ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ትምህርቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ተቋርጧል፣ ሱቁም አንድ ኮምፕሬሰርና ሁለት ክሪክ ነው። በዓለም ላይ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው መታመኑ ነው።

ሮቢት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙቀቱ ሰው አያሠራም። ባጃጆቹ ኒም ዛፉ ሥር ይደረደራሉ፣ ሾፌሮቹ እትዬ ሙሀባ ሻይ ቤት ይገባሉ። «ገዳቢው» አምስት ዓመት ሙሉ የታየው እዚያ ነው። ተከታታይ ፊልሙ የራሱ የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ ስሙ አፍ ስለማይሞላ ኸይረዲን ገዳቢው አለውና በዚያው ጸደቀ። ባለታሪኩ መዳፉን ዘርግቶ የሚመጣበትን ሁሉ ያቆማል። ባቡር ያቆማል፣ ጥይት ያቆማል፣ ከሁሉ በላይ ጎርፍ ያቆማል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ማሽላውን ከነአፈሩ ለሚወስድበት ሰው ከዚህ የበለጠ ጀግና ከየት ይመጣል? ናትናኤል የሚባለው ሾፌርማ የባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ የተዘረጋ መዳፍ አስሎ ነው የሚነዳው።

አዲሱ ክፍል በፍላሽ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ኸይረዲን ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ምስሉን ያቆምና በአማርኛ ይናገርለታል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ደግሞ እንዲሁ ደረቅ አድርጎ አይናገርም፤ የሚቆጣውን ተቆጥቶ፣ የሚለምነውን ለምኖ ነው። የአርባ ደቂቃ ፊልም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ማንም ረዘመብኝ ብሎ አያውቅም።

ታዲያ ዘንድሮ ሊያልቅ ሁለት ክፍል ሲቀረው ተበላሸ። መበላሸት ብቻ! ግድቡን አፍርሶ መንደሩን ያሰመጠው ክፉ ሰውዬ ከገዳቢው ጋር ታረቀ። የእኛ ሰው ለአንዲት ፍየል እንኳ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጥፋተኛው ጥፋቱን በአፉ ተናግሮ ነው የሚታረቀው። እነዚህ አንድ መንደር ሕዝብ ያለቀበትን ነገር ተጨባብጠው ጨረሱት። ይባስ ብሎ ገዳቢው የሰውዬውን ልጅ ሊያገባ ሆነ። ኃይሉንም ተወና ከተማ ሄዶ ምግብ ቤት ከፈተ። ጎርፍ ያቆም የነበረ መዳፍ ሽንኩርት ሲከትፍ አሳዩን! ሽንኩርት አምርቶ ለሚሸጥ ለሮቢት ሰው ሽንኩርት!

ናትናኤል ደሙ ፈልቶ ተነሳ። «ወንድሙስ? ወንድሙ የት ደረሰ?»

ወንድሙ ማለት በመጀመሪያው ክፍል ጎርፍ የወሰደው ታናሹ ነው። ገዳቢው ወንዙ ዳር ተንበርክኮ ወንድሜን ሳላገኝ አላርፍም ብሎ ምሎ ነበር። አምስት ዓመት የተጠበቀው የዚያ ወንድም መገኘት ነው።

«ወንድሙን ሳያገኝ ሠርግ?» አሉ እትዬ ሙሀባ የሚያጥቡትን ብርጭቆ እንደያዙ። «ሱብሀነላህ! ነውር የሚባል ነገር አያውቁም እነዚህ ሰዎች?»

«ምሏል እኮ እትዬ!» አለ ኸይረዲን። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። «በአላህ ስም ምሏል! በዚህ አፌ ነው የነገርኳችሁ። መሐላ አስምለውት ዓይናቸውን በጨው አጥበው ረሱት። እኛ ምን ነን? ከብት ነን? አምስት ዓመት አስጠብቀው ሲያበቁ ሽንኩርት ያሳዩናል?»

ይህን ሁሉ ሲናገር ከልቡ ነበር። ያ ነው ነገሩን የሚያከፋው።

ጥጉ ላይ ሳሚያ ተቀምጣለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ከተቀጠረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ በዚህ ሰዓት ሻይ ለመጠጣት ስትገባም የመጀመሪያዋ ነው። ፊልሙን ዩኒቨርሲቲ እያለች በእንግሊዝኛ ተከታትላዋለች። ግር ብሏት፣ ምንም ክፋት ሳታስብ ጠየቀች።

«ይቅርታ፣ የትኛው ወንድሙ ነው? ያ በመጀመሪያው ክፍል የሞተው?»



«ማን ሞተ?» አለ ናትናኤል።

«ወንድሙ ነዋ። ቀበሩት እኮ።»

«እሱ የጎረቤት ቀብር ነው!» አለ ናትናኤል፣ እሱ ራሱ ሬሳውን የተሸከመ ይመስል። «ኸይረዲን፣ ንገራታ!»

ኸይረዲን ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ሪሞቱን አነሳ። ናትናኤል ደግሞ እልኸኛ ነው፤ ሪሞቱን ነጥቆ የመጀመሪያውን ክፍል ከፍላሹ ውስጥ ፈልጎ ከፈተው። ገዳቢው ወንዙ ዳር ተንበረከከ፣ እያለቀሰ ተናገረ። ሳሚያ ተረጎመችው። «ልይዘው አልቻልኩም። ከእጄ አመለጠኝ። ሞተ። ነው የሚለው።» ቀጥሎ መቃብሩ ታየ። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስም ጣቷን ዘርግታ ፊደል በፊደል አነበበችላቸው።

ያኔ፣ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ጎርፍ እዚያው አጠገብ ካለው ከቀወት አንድ ጎልማሳ ወስዶ ግማሹ ተመልካች የመጣው ከለቅሶ ቤት ነበር። ገዳቢው ሞተ ሲል ኸይረዲን ምስሉን አቆመና ሰዉን አየ። እትዬ ሙሀባ በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አንጀቱ አልቻለም። «አልሞተም፣ አገኘዋለሁ ብሎ ማለ» አላቸው። ከዚያ ቀብሩ መጣ፤ ቀብሩን ለጎረቤት ሰጠው። ገዳቢው በየዓመቱ ወንዙ ዳር አበባ ሲያስቀምጥ ፍለጋ ሄደ አለ። እንዲህ እያለ አንዱን ውሸት በሌላ ሲደግፍ ከርሞ፣ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ እሱም ከሰዉ ጋር ወንድሙን መጠበቅ ጀመረ።

«አምስት ዓመት!» ናትናኤል ጠረጴዛውን ደበደበው። «አምስት ዓመት ሙሉ ተጫወትክብን? እነሱን ሌባ የምትል አንተ ምንድን ነህ?»

«ለእናንተ ብዬ ነው!» ኸይረዲንም ጮኸ። ሲያፍር የሚጮህ ሰው ነው። «ከለቅሶ መጥታችሁ ሞተ ልበላችሁ? ፊልም ነው እኮ! ተረት ነው! ለተረት ነው እንዲህ የምታፋጥጡኝ?»

«ቅድም ተረት አልነበረም» አለ ከኋላ አንዱ። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ተሰማ።

እትዬ ሙሀባ አልጮኹም። ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡና ላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ይዘው ወጡ። ኸይረዲን ገና ሲያየው አወቀው። ከሁለት ዓመት በፊት አንገታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ፣ ትልቅ ሐኪም ቤት ሄደው በመርፌ ናሙና ተወስዶላቸው ነበር። ውጤቱን ያነበበላቸው እሱ ነው። ካንሰር አይደለም፣ በየዓመቱ ይታዩ ይላል ብሎ ነግሯቸው፣ በማግስቱ ሰደቃ አውጥተዋል።

«ያኔም አሳዝኜህ ነበር ኸይረዲን?» አሉት።

«እትዬ፣ ወላሂ! ወላሂል አዚም! ከወረቀቱ አንዲት ቃል አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም!»

«ገዳቢውም ምሎ ነበር አላልከንም?»

አሁን እውነተኛው ንዴት መጣበት። በደራሲዎቹ አይደለም፣ በናትናኤልም አይደለም። ያችን አንዲት የርኅራኄ ቃል በተናገረ በገዛ ምላሱ ላይ ነው። ቢችል ነክሶ በበጠሳት።

እትዬ ሙሀባ ወረቀቱን ለሳሚያ ሰጧት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ደህና ነው እትዬ። ካንሰር የለበትም ነው የሚለው። በየዓመቱ ይታዩ ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም።»

«ይኸው!» አለ ኸይረዲን። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «ይኸው ሰማችሁ? ቃል በቃል ያልኩትን ነው!»

ሁሉም የሚያየው ግን እትዬ ሙሀባን ነው። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አሳርፈው ሳሚያን ትኩር ብለው አዩዋት። ወረቀቱን ቀስ ብለው ከእጇ ተቀበሉና አጠፉት።

«አንቺም አዘንሽልኝ ልጄ» አሏት።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ባለቤቲቱ አንገታቸውን እንደገና በመርፌ ሊያስወጉ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደዋል።