የአባቴ ቶርኖ

ቴፒ ገበያ አጠገብ ካለ የእንጨት ሥራ ቤት፣ በሞተር የሚላግ ዋንዛ ሸተተኝና ቆምኩ።

አባቴ ሚዛን ተፈሪ ሳለን የወንበር እግር የሚያወጣው በእግሩ እየረገጠ በሚያዞረው ቶርኖ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ ሞተር አምጥቶ፣ "ጋሼ፣ የቀኑን ሥራ በአንድ ሰዓት ትጨርሰዋለህ" አለው።

አባቴ መሮውን ከእንጨቱ ሳያነሳ፣ "እኔ የምወደው መሥራቱን ነው እንጂ መጨረሱን አይደለም" አለ።

አጎቴ ተቆጥቶ ሞተሩን በራፍ ላይ ጥሎት ሄደ። ዶሮዎቻችን ሰፈሩበት። እናቴ፣ "ልጆችህ ይራባሉ!" ብላ ስትጮህበት እንኳ የአባቴ እግር መርገጡን አላቆመም። አንዳንድ ክረምት በእርግጥም ተርበናል።

"እትዬ፣ ወንበር ፈልገው ነው?" አለኝ የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት።

"በእግር ቶርኖ የወጣ ካለህ።"

ሳቀ። "ለዚያ ማን ጊዜ አለው?"

"እኔ አለኝ" አልኩት፤ ከደጃፉም ንቅንቅ አላልኩም።