አሥራ አምስት ሰዓት የለም

የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ሥራዬ ዌብ ሰርቨር መጻፍ ነበር፤ ሌላ ኮምፒውተር ገጽ ሲጠይቀው የሚያቀብል ፕሮግራም ማለት ነው። ያኔ ኢንተርኔት እንኳን ጎፋ ያለው ቤታችን ስንቱ ትልቅ መሥሪያ ቤትም አልገባም። ለእኔ ግን በገመድ የተያያዙ ሁለት ኮምፒውተሮች ይበቁኝ ነበር። አንዱ የራሴ ነው። ሁለተኛውን ብስራተ ገብርኤል ከምትኖር ጓደኛዬ ተውሼ በታክሲ አቅፌ አመጣሁት። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ካልከፈልሽ ብሎ እስከ ጎፋ ሲጨቃጨቀኝ ነበር።

ፈታኞቹ የሚፈልጉት ነገር ግልጽ ነው። ሰርቨሩ አንዱን ሲያስተናግድ ሌላውን በር ላይ ማስቆም የለበትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የራሱ አስተናጋጅ ይመደብለታል፤ በሙያው ትሬድ ይባላል። ሰኞ ዕለት ከብዙ ኮምፒውተር ባንድ ጊዜ ይጠይቁታል። እሱ ካስጠበቃቸው የእኔም ምረቃ ለከርሞ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ትሬዶቹ እንደ ልቤ ሠሩ። ደስ ብሎኝ ሱቅ ደርሼ መጣሁና ገጹ ላይ ያየሁትን የተሳሳተ ቃል አረምኩ። በሁለተኛው ኮምፒውተር ብጠይቅ የመጣልኝ ያልታረመው ገጽ ነው። ደገምኩት፤ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ትሬዶቹን ስለነበር ጥፋቱን በእነሱ ላይ ለመለጠፍ ጊዜ አልፈጀብኝም። እኔ ደግሞ ቁጣ ቶሎ ይይዘኛል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ የደከምኩባቸውን ትሬዶች በሙሉ ነቅዬ ጣልኳቸው። ሰርቨሩ አንድ በአንድ ማስተናገድ ጀመረ። ገጹ ግን አሁንም ያልታረመው ነበር።

ያኔ ነው ዓይኔ ሰርቨሩ ያለበት የራሴ ኮምፒውተር ስክሪን ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ላይ ያረፈው። 10፡40 ይላል። ግድግዳው ላይ ያለውም 10፡40 ይላል። ሁለቱ መስማማት አልነበረባቸውም፤ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፣ 16፡40 ማለት ነበረበት።

“አባዬ፣ ይሄን ሰዓት ነክተኸዋል እንዴ?”

አባቴ የፋብሪካ ጡረተኛ ነው። በሥራ ዘመኑ ለፈረቃው አርፍዶ አያውቅም።

“አስተካከልኩልሽ እንጂ” አለኝ ኮራ ብሎ። “ሱቅ ስትሄጂ ባየው አሥራ አምስት ሰዓት ይላል። አሥራ አምስት ሰዓት የሚባል አለ? አንቺ ስትነካኪው አይቼ ስለነበር ወደ ዘጠኝ መለስኩት።”

ነገሩ ገባኝ። ሥራ ለማቅለል ብዬ ራሴ የጻፍኩት ደንብ አለ። ጠያቂው ቀድሞ የወሰደው ገጽ ካለው፣ ሰርቨሩ ሰዓት ያመሳክርና ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ከሌለ “ያለህ ይበቃሃል” ብሎ ይመልሰዋል። አባቴ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ሲመልሰው፣ አሁን ያረምኩት ገጽ ካልታረመው በፊት የተጻፈ መሰለ። ትሬዶቹ ምንም አላጠፉም።

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር።

“ሌላው ሌላው አይገባኝም” አለ። “ሰዓቱን እንኳ ላግዝሽ ብዬ ነው።”

አንጀቴን በላው። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ቦታው መልሼ ትሬዶቹን እንደገና ጻፍኩ። መሞከሪያው ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ቤት ያለው ደግሞ አባቴ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጥኩት። እኔ በራሴው ኮምፒውተር፣ ሆን ብዬ ቀስ እያለ እንዲላክ ያደረግሁትን ትልቅ ፎቶ እጠይቃለሁ፤ ፎቶው መምጣት ሲጀምር እሱ አንዲት ትንሽ ገጽ ይጠይቃል። ትሬዶቹ ካልሠሩ የኔ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ እኔም ሰኞ አልቆልኛል።

“በል አሁን!” አልኩት።

አባቴ ማውሱን በሁለት እጁ ይዞ ተጫነ። ፎቶዬ እየተንፏቀቀ ገና ግማሽ ሳይደርስ የሱ ገጽ መጣ። ያበላሸ መስሎት ደንግጦ እጁን አነሳ።

“የኔ ቀደመ እኮ። ያንቺ እስኪደርስ ልጠብቅሽ?”

“አትጠብቀኝ አባዬ! ላለመጠባበቅ ነው እኮ ይሄ ሁሉ ልፋት” አልኩት። እየሳቅሁ እንባዬ መጣ።

ሰኞ ፈታኞቹ በየኮምፒውተሩ ተቀምጠው ባንድ ላይ ሲጫኑ አልፈራሁም፤ ገጹ ለሁሉም መጣላቸው።