የዳማ ካንዴላ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ ባጃጅ የነቀምቴን በከኒሳ ቀሴ ዳገት ስታጋምስ ሳል ሳል አደረጋትና ቀጥ አለች። ሹፌሩ ዞር ብሎ «አዳዳ፣ ሂን ሶዳቲን፤ አሁን ትነሣለች» አለኝ። አክስቴ፣ አትፍሪ ማለቱ ነው። ወርዶ ሞተሩን በብልጭታ የምታስነሣውን ካንዴላ ፈታና ቤንዚን ባራሰው ጨርቅ ጫፏን ይወለውላት ጀመር። ያ የቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነፋስ ይዞት ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ዕድሜዬ አርባን ያለፈው እኔ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ቀኝ እጄን ጥፍሮቼ መዳፌን እስኪወጉኝ ድረስ ጨብጬ ነበር። ሹፌሩ አትፍሪ ያለኝ መንገድ ላይ እንዳልቀር የሰጋሁ መስሎት ነው። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ይመር የወሎ ሰው ነው። ለከብት ክትባት ሥራ ነቀምቴ ተመድቦ መጣ፣ እናቴን ጫልቱን አገባ፣ በዚያው ቀረ። ሐኪም ሳይሆን አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለው ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያለ ሲያስተባብል ከርሞ፣ በኋላ ላሞቹ ቅሬታ እስካላቀረቡ ድረስ እኔ ምን አገባኝ ብሎ ተወው። ሞተር ብስክሌቷን የሰጠው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር የእንስሳት ሐኪም ነው። ቀይ ናት። በሰልባቲዮዋ፣ ማለትም በቤንዚን መያዣዋ፣ ግራ ጎን አንድ የጉቶ ጊዳ ወረዳ ወይፈን መርፌውን ጠልቶ በቀንዱ ወግቶ የተዋት ጎድጓዳ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ዶቅዶቄ ይላታል፤ አባዬ ግን እንደ ፈረስ ዳማ ብሎ ስም አውጥቶላት፣ ቁልቁለት ስትወርድ «ቀስ፣ የኔ ዳማ» እያለ ሲያባብላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኮቱን አውልቆ ከአቮካዶው ሥር አሮጌ ጆንያ ያነጥፋል። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እሱ ይፈታል፣ «ያዢ» ይለኛል፣ መዳፌ ላይ ያስቀምጣል። ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ በጣቶቼ መካከል ይዤ መቆየት የእኔ ሥራ ነበር። ሰንሰለቷን በነጭ ጋዝ ያጥባል፣ ዘይት ይቀባል፣ ጎማዋ ላይ የተሰካ እሾህ ካለ በጣቱ እየዳበሰ ይፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ካንዴላዋን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያነሣና ጫፏ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ናት፣ ከጠቆረ ደግሞ ዘይት በዝቶባታል ይለኛል። በፉጨት መዝሙር ያዜማል፤ የአንዱን መዝሙር ራስ ከሌላው ጅራት ስለሚቀጥል እናቴ ከማጀት ሆና «ዶክተር፣ እግዚአብሔርን ግራ አታጋባው» ትለዋለች።

እናቴ ዳማን ትፈራት ነበር። አንድም ቀን ተቀምጣባት አታውቅም። እሱ በዳማ፣ እሷ በእግር፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይገናኛሉ። አባዬ ለክትባት ቆላ ወርዶ፣ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩትን ዘመዶቹን ጠይቆ በሚመለስበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ፣ ቤታችን ውስጥ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። እናቴ ማማሰያዋን ድስቱ ውስጥ አቁማ ታዳምጣለች። እኔም አብሬያት አዳምጣለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግኩት፤ እሑድ በዳማ እየተደሰትኩ፣ ሌላውን ቀን በዳማ እየፈራሁ።

ከአጥራችን ማዶ ኦቦ ፈይሳ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ ግራጫ ቮልስ ያላቸው። ቮልሷ በልጆች ዘንድ ዝነኛ ነበረች፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ። ኦቦ ፈይሳ ከሚስታቸው ሞት ወዲህ እምብዛም አይነዷትም፤ ግን በየጠዋቱ ጤዛዋን በጨርቅ ይጠርጉላታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሥተው አጠገቧ ወንበር ላይ ቁጭ ይላሉ።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ ታጣቂዎች በከተማው እየዞሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይወስዳሉ ተባለ። የየትኛው ወገን ሰዎች እንደነበሩ ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም መጠየቅ አልፈልግም። መኪናውን ብቻ ሳይሆን ነጂውንም ነው የሚወስዱት አሉ። ኦቦ ፈይሳ የቮልሷን አራት ጎማ አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። አባዬ ደግሞ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ የግቢውን በር ቀርቅሮ ዳማን ይፈታታት ጀመር። እንደ እሑዱ አያፏጭም። ጎማዎቿ ኮርኒስ ላይ ወጡ፣ ሰልባቲዮዋ አልጋ ሥር ገባ፣ ሞተሯ በቆሎ ጆንያ ውስጥ ተቀበረ፣ አጽሟ ላይ ማገዶ ተቆለለበት። መጨረሻ ላይ ካንዴላዋን በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ ወደ እኔ መጣ። መንገድ በመዘጋቱ ከአዲስ አበባ ዕቃ አይመጣም፤ ትርፍ ያስቀመጣትም ካለቀች ቆይታለች።

«ሎሚ» አለኝ ስሜን ጠርቶ በርከክ ብሎ፣ «ሌላውን ሁሉ ቢያገኙት እንኳ ያለዚህች አትነሣም። ልጅን ማንም አይፈትሽም። ያዢ።»

ኩራቴን አስታውሳለሁ። ፍርሃቱ የመጣው በማግስቱ ነው።

ሦስት ሆነው ረፋድ ላይ መጡ፤ አባዬ በጓሮ በኩል ወጥቶ ተደብቋል። አንደኛው ማገዶውን በእግሩ ገፋ አደረገ፣ ሌላኛው ቤት ገባ፣ ሦስተኛው፣ እግሩን የሚያነክስና ከንፈሩ የደረቀ ወጣት፣ ከእኔ ውሃ ለመነ። በግራ እጄ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስልኝ ቀኝ እጄን አየው።

«ምን ጨብጠሽ ነው?» አለኝ። ክፋት በድምፁ ውስጥ አልነበረም። ምናልባት የራሱን እህት አስታውሶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ጡጫዬን ሆዴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «ሆዷን አሟት ነው፣ ሲያማት እንዲህ ያደርጋታል» አለች፤ ወደ እኔም «ሂጂ፣ ሽንት ቤት ሂጂ» ብላ ተቆጣች። ሮጥኩ። የቆርቆሮውን በር ዘግቼ በጨለማው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ከውጭ ኮቴ ሰማሁ። እየቀረበ መጣ፣ በሩ ጋ ቆመ፣ ቆርቆሮውን ነካው። እጄን ከጉድጓዱ በላይ ዘረጋሁና ከፈትኩት። ካንዴላዋ ከነቋጠሮዋ ወደቀች፤ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። በሽንቁር ብመለከት በጓችን ናት፤ ቆርቆሮው ላይ ጀርባዋን ታክካለች።

ሰዎቹ ምንም ሳያገኙ ሄዱ። አባዬ ከተደበቀበት ተመልሶ በስንት ቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፣ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ፣ «እስኪረጋጋ አንቺ ጋ ትቆይ» አለኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ልብሴ ኪስ ውስጥ ሌላ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ፣ የካንዴላ ቁመት ያለው ጠጠር መረጥኩ፣ ቋጠርኩት። አራት ቀን ይዤው ዞርኩ። ምግብ ሲቀርብ ከኪሴ በላይ እጄን አድርጌ እበላለሁ፤ አባዬ ስሜን በጠራ ቁጥር ኪሴን እጨብጣለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ገመቹ እንደ እሳት ነድዶ ተነሣ። የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ ከአንገር ጉቲን ከዘመዶቻችን ቤት ከተመለሰ ሁለት ሳምንቱ ነበር። ወባ እንደሆነ ለመገመት ሐኪም አያስፈልግም። በከተማው በኩል ግን ከንጋት ጀምሮ ተኩስ ይሰማል፣ ሆስፒታሉም ከዳገቱ ማዶ ነው። አባዬ አንዴ ልጁን፣ አንዴ በሩን ሲያይ ቆየና ምንም ሳይናገር ጆንያውን ፈታ። በተኩሱ መሃል ዳማን ይገጣጥማት ጀመር፤ ተኩሱ ጋብ ሲል ለመውጣት። ከጥድፊያው የተነሣ ብሎን ከጣቱ ያመልጠዋል፣ እኔም እየተንበረከክሁ አነሣለታለሁ። ለብሎኖቹ አይደለም የተንበረከክሁት፤ ለእግዚአብሔር ነበር። የሆነ ነገር ይጥፋ፣ ሌላ ነገር ይሰበር፣ ብቻ አባዬ ያቺን አይጠይቀኝ እያልኩ።

ከቀትር ጥቂት አለፍ ሲል ተኩሱ ቆመ። በዚያው ቅጽበት እናቴ ከውስጥ ጮኸች። ገመቹ ዓይኑን ገልብጦ ይንቀጠቀጣል። «ያ ዋቃዮ! አምላኬ! ይመር፣ ልጄ እያመለጠኝ ነው!»

አባዬ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ሎሚ፣ ካንዴላዋን።»

ቋጠሮውን ሰጠሁት። በጥርሱ ፈታው። ጠጠሯ መሬት ላይ ወደቀች።

ተመለከታት። ከዚያ እኔን ተመለከተ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ ድረስ ስም አላወጣሁለትም። «ሽንት ቤት...» አልኩ፣ «የመጣ መስሎኝ... በጓ ነበረች...» አባዬ አልተቆጣም፣ አልመታኝም። ወደ ሽንት ቤቱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመና ተመለሰ። እናቴ ገመቹን በነጠላዋ አዝላ በሩን ከፍታ ወጥታለች፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ልትሮጠው።

ጩኸቷን የሰሙት ኦቦ ፈይሳ አጥሩ ጋ መጡ። «ማል ታአቴ?» ምን ሆናችሁ ሲሉ አባዬ «ካንዴላ የለኝም» ብቻ አላቸው። የእኔን ነገር አላነሣም። ሽማግሌው ተመልሰው የቮልሷን የኋላ ክዳን ከፈቱ። ከዚያች መኪና አንዲት ብሎን ሲጎድል የሚታመሙ ሰው ነበሩ። መፍቻቸው ብረት ላይ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ጥቂት ቆይተው አንዲት ካንዴላ በሸሚዛቸው እየጠረጉ መጡ። «ልኳ ባትሆንም ጥርሱ ይይዝላታል» አሉ። ያዘላት።

አባዬ መነሻዋን በእግሩ ረገጠ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው ሰማያዊ ጭስ ተፋችና ዳማ ተነሣች። እናቴን ከመንገዱ ጥግ ደረሰባት። አጥር ሥር ቆሜ አየኋት፤ ያቺ ሴትዮ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታመነታ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው ወጣች፣ በአንድ እጇ ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ ደገፈች፣ በሌላው የአባዬን ወገብ አቀፈች። ዳገቱን ይዘው ጠፉ። እኔ ከኦቦ ፈይሳ ጋር ቀረሁ። ወንበራቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፉ።

አሥር ሰዓት ሲሆን አባዬ ብቻውን ተመለሰ። ሞተሩን አጥፍቶ ሳይወርድ «ተርፏል» አለ። መርፌው በጊዜው ደርሶለታል። ገመቹ ዛሬ ከእኔ አንድ ክንድ ይረዝማል፣ ጊምቢ ላይ ትዳር ይዞ ይኖራል፣ ከዚያ ቀን አንዳችም አያስታውስም።

እኔ ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሌላ ነገር ጀመርኩ፤ መቁጠር። አባዬ ጆንያውን አነጠፈ፣ እኔም እንደ ልማዴ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብሎኑን ፈታና ጆንያው ላይ አስቀመጠ። ሁለተኛውንም። ሩቅ ያለ መፍቻ ሲያስፈልገው ራሱ ተነሥቶ አመጣ። «ያዢ» አላለኝም። በሚቀጥለው እሑድም አላለኝም። ወደ ኋላ ትንሽ ራቅ አልኩ፤ ከዚያም ሌላ ትንሽ። ገመቹ ሲያድግ በእኔ ቦታ እሱ ተቀመጠ። ነገሩን ለማንም እንዳላወራብኝ አውቃለሁ፤ ዝምታው ግን ከዱላ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። ልጄ አትታመንም ብሎ በልቡ ጽፎታል አልኩ፤ ይህንኑ ይዤ የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ፣ ይህንኑ ይዤ ተዳርኩ።

ዳማ ከተሸጠች፣ እናቴም ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። አባዬ ሲደክም እኔ ቤት መጣ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ «አባዬ፣ ያን ጊዜ በካንዴላዋ ተቀይመኸኝ ነበር አይደል?» አልኩት።

እጁን ከእጄ ሳብ አደረገ።

«በአንቺ?» አለኝ። «ጠጠሯ ስትወድቅ ፊትሽን አየሁት እኮ። ያን ሁሉ ቀን እንዴት እንደከረምሽ ያኔ ነው የገባኝ። ለአንዲት ብረት ብዬ የአሥር ዓመት ልጅ ጠመንጃ ፊት ያቆምኩ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ‹ያዢ› የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። እጅሽን ባየሁ ቁጥር እፈራ ነበር።»

ምላጩን አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀን አንሥቶ ከቤት እስክወጣ ድረስ ስምንት ዓመት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ እሱ እኔን ፈርቶ እኔ እሱን ፈርቼ ከአንድ ዛፍ ሥር አምስት እርምጃ ተራርቀን ተቀምጠናል። ከሁለት አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ኖሮ የአንድ ቀን ወሬ ነበር። ዳማ ብትሸጥም አልቆጨኝም፤ ያ ግቢ ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ እሱም አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ እነዚያ እሑዶች ናቸው።

ይህን የተነጋገርነው በሰኔ ነው። አባዬ በመስከረም አረፈ። ሳንፈራራ አብረን የኖርነው አንድ ክረምት ነበር።