ለእህቴ ሠርግ ጠጅ የመረጥሁ ጊዜ

ደብረ ታቦር ውስጥ «ጠጅ አላውቅም» የሚል ወንድ አላጋጠመኝም። እድሜው ከሃምሳ ይለፍ፣ ከቢሮ ጡረታ ይውጣና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያድርግ እንጂ፣ ብርሌውን አንሥቶ ለብርሃን ያሳያል፣ አፍንጫውን ያስጠጋል፣ ከዚያ «ይሄ የመስከረም ማር ነው» ይላል። ማሩን ከቀፎው የቆረጠው እሱ ይመስል። እነዚህን ሰዎች ከልቤ እንቃቸዋለሁ። ንቀቱን ግን እዚህ አልተማርሁትም፤ ከቤሩት ይዤው የመጣሁት ነው።

ቤሩት ሰባት ዓመት የሠራሁበት ቤት ጌታ፣ ከፖርቱጋል የሚመጣ ጣፋጭ የወይን ጠጅ ያጠራቅም ነበር። ፖርት ይሉታል። ጠርሙሱ ላይ ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ከእኔ እድሜ ይበልጣል። እሑድ እሑድ ወንድሙ ይመጣና የሁለት ተፎካካሪ ጠማቂዎችን የአንድ ዓመት ምርት ጎን ለጎን ከፍተው፣ ከምሳ በኋላ ይከራከራሉ። አንዱ «ይሄኛው ለውዝ ለውዝ ይላል» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ የቆዳ ሽታ አለው» ይላል። ቆዳ! ጫማ የሚጠጡ ይመስል። ብርጭቆውን የማጥበው እኔ ነበርሁና፣ ከሥሩ የቀረውን እየቀመስሁ የራሴን ፍርድ እሰጥ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከሁለቱ አንደኛው ይበልጥ ነበር፤ አፍ ውስጥ ይቆያል፣ ሲወርድም ጉሮሮ አይቧጥጥም።

አንድ ቀን ጌታው እንግዶቹ ፊት ጠራኝና «እስቲ አንቺ ፍረጂ» አለኝ። ቀመስሁና በግራ በኩል ያለውን አሳየሁት። ለምን እንደመረጥሁት ልናገር አፌን ስከፍት ሁሉም ሳቁ። ለካ የጠራኝ ፍርዴን ፈልጎ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ብርጭቆ ይዞ የሚራቀቅ ሰው የሚያጣጥመው መጠጡን ሳይሆን ራሱን እንደሆነ ገባኝ።

ወደ አገሬ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ታናሽ እህቴ ልትዳር ሆነ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ተቆረጠ። ጠላውን እናቴ ራሷ ትጠምቃለች፤ በዚያ ላይ ማንንም አታስገባም። ጠጁ ግን ተገዝቶ መምጣት ነበረበት። የሙሽራው ቤተሰቦች የአንበሳሜ ሰዎች ናቸው፤ አባቴም «የአንበሳሜ ሰው ጠጅ ያውቃል። የከረመ ካላቀረብንላቸው አምተውን ነው የሚሄዱ» እያሉ እንቅልፍ አጡ።

በከተማው የከረመ ጠጅ በመሸጥ የሚታወቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ገበያው አጠገብ ሰፊ ቤት ያላት፣ ሁለት የወርቅ ጥርስ ያስገባች ሴትዮ ናት። የቢሮ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ የሚሰበሰቡት እሷ ዘንድ ነው። ሁለተኛው ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ድሮ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከተማው «ሾፌሩ» ይላቸዋል። ሁለቱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እሷ «የሳቸው ጠጅ ናፍጣ ይሸታል» ትላለች። እሳቸው ስለ እሷ ሲጠየቁ ምራቃቸውን ይተፋሉ።

አባቴ ከሁለቱም በጀሪካን አስመጡና ለመቅመስ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥን። ዳኛው አጎቴ ነበሩ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የቢሮ ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ። ማንም አልሾማቸውም፤ ራሳቸው ተሾሙ። ጡረተኛ መምህር የሆኑ ጓደኛቸውን አስከትለው መጡ። የመምህሩ ሥራ አጎቴ ያሉትን መድገም ነው። እኔ ቀጂ ተባልሁ። ሰባት ዓመት ስቀዳ ኖሬ አባቴ ቤትም ያው ቀጂ ሆንሁ።

አጎቴ መጀመሪያ የሴትዮዋን አነሡ። ብርሌውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጉንጫቸውን ነፉ።

«የመስከረም ማር» አሉ። «አደይ አበባ የቀሰመ ንብ ነው። ይሄ ከዚሁ ከፋርጣ ሌላ አይገኝም።»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል» አሉ መምህሩ።

«አራት።»

«ልክ ነህ፣ አራት ነው።»

የሾፌሩን ሲያነሡ ገና ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ጌሾው በዝቶበታል። ምን ይጠበቃል? መሪ ሲያዞር የኖረ ሰው ነው።» መምህሩም ቀመሱና እንደታዘዙ ተኮሳተሩ።

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሁለቱንም ቀምሼ ነበር። የሴትዮዋ ከንፈር ላይ ይጣፍጥና ጉሮሮ ሲደርስ ባዶ ነው፤ ከኋላው እሳት ብቻ ይቀራል። ስኳር ለመሆኑ ዳኛ አያስፈልገውም። የሾፌሩ ግን ሌላ ነበር። ክብ ነው፣ አፍ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ወደ መጨረሻው እንደ ግራዋ ማር ትንሽ መረር ይላል። ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልሁም።

«አጎቴ፣ ያ የወደዱት ስኳር ነው» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«ማር የለበትም። አንቱ ማር ስላሉት ማር አይሆንም።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። አጎቴ ብርሌውን አስቀመጡና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሰው አገር ሻይ ስታመላልሺ ኖረሽ፣ ዛሬ የጠጅ ዳኛ ሆነሽ መጣሽብን?»

መምህሩ ሳቁ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ቤሩት ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ታላቅ ወንድማቸውን ይፈራሉ፤ የአንበሳሜን ሰው ግን የበለጠ ፈሩ። አጎቴ ከሄዱ በኋላ ጠሩኝና «ነገ ራስሽ ሁለቱም ጋ ሂጂ። አይተሽ ንገሪኝ፤ ያልሽውን እናመጣለን» አሉኝ። በሕይወቴ ለአንድ ነገር ዳኛ የሆንሁት ያን ቀን ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሴትዮዋ ዘንድ ሄድሁ። አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነው የገባሁት። ሴትዮዋ ግን በደንብ ተቀበለችኝ፤ ወንበር ሳበችልኝ። በኋለኛው ክፍል ጋኖቹ ተደርድረዋል። አጠገባቸው፣ ሳይሸፈን ሳይደበቅ፣ የስኳር ከረጢት ቆሟል፤ አፉ ላይ ቅል ተጥሎበታል። ጎኑ የቢጫ ቀለም ዱቄት በቆርቆሮ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ጠጁ በስኳር ነው እንዴ የሚጣል?» አልኋት።

የወርቅ ጥርሶቿ እስኪታዩ ሳቀች። «የኔ እመቤት፣ ይሄ ሁሉ ከተማ ማር ይጠጣ እንዴ? ንቡ ከየት ይምጣ?»

«አራት ዓመት የከረመ ነው ተባልን እኮ።»

«ማነው ያለ?»

«አጎቴ።»

«እንግዲያ እሳቸው ካሉ ከርሟል» አለችና የሌላ ደንበኛ ብርሌ ልትሞላ ሄደች።

ከዚያ ቤት የወጣሁት በድል ነው። ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። ለአጎቴ የምናገረውን ቃል በቃል እያዘጋጀሁ፣ ከረጢቱን፣ ቅሉን፣ ቢጫውን ዱቄት በተራ እያስቀመጥሁ ሾፌሩ ቤት ደረስሁ።

ሾፌሩ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ከሰላምታ ሌላ ቃል አላወጡም። ዝምታቸውን እንደ ትልቅነት ቆጠርሁትና ያለኝን ሁሉ ዘረገፍሁላቸው። ስለ አጎቴ ነገርኋቸው፣ ስለ ሴትዮዋ ከረጢት ነገርኋቸው። ከዚያ ስለ ራሳቸው ጠጅ ጀመርሁ። «አባባ፣ ይሄ የግራዋ ማር ነው አይደል? ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንዲህ ክብ አይሆንም። ሰው አገር ሳለሁ ሃምሳ ዓመት የሞላው ወይን ቀምሻለሁ፤ የከረመ ነገር አውቃለሁ» አልሁ።

ጌሾውን መልቀም ትተው አዩኝ። ከዚያ ተነሡና «ነይ» አሉኝ።

ጓዳው ንጹሕ ነበር። ከበሩ ጀርባ ሁለት የስኳር ከረጢት ተደራርቧል። እኔ ከረጢቱን ሳይ እሳቸው እኔን ያያሉ።

«ትንሽ ማር አለው» አሉ። «ማር ማር እንዲሸት ያህል። የጠነሰስሁትም ለፍልሰታ ፍቺ ነው።»

አምስት ወር አልሞላውም ማለት ነው። ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ለምን ማር ነው ይላሉ?»

«እኔ መቼ አልሁ? ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እውነት ነው፤ አንድም ቀን ማር ነው ብለው አያውቁም። ሌላው ያወራል፣ እሳቸው ምራቃቸውን ይተፋሉ፣ ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላል። ከዚያ ከጓዳው ጥግ ጭቃ የተመረገበት እንስራ ከፈቱና በትንሽ ብርሌ ቀዱልኝ። ቀለሙ ከሻይ ይጠቁራል።

«ይሄ ማር ብቻ ነው። ሚስቴ በሕይወት ሳለች የጣለችው። አምስት ዓመት አለፈው። የከረመ አውቃለሁ ብለሻል፤ ቅመሽ።»

ቀመስሁ። ደረቅ ነው። ጣፋጭነት የሚባል ነገር የለውም፤ ይመራል፣ ምላስ ይይዛል፣ ኮሶ ያጠጡኝ መሰለኝ። ፊቴን ለመያዝ ሞከርሁ፣ ግን ከአጎቴ የባሰ ተኮሳተርሁ። በግድ ዋጥሁት።

«እህሳ?» አሉ ሾፌሩ።

«ጥሩ ነው» አልሁ።

አልሳቁብኝም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ብርሌውን ከእጄ ወሰዱና የተረፈውን ራሳቸው በቀስታ ጠጡት፤ እንስራውንም መልሰው መረጉት። «ለሠርጉ የቱን ልስጥሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይናቸውን ሳላይ «ያንኑ፣ የመጀመሪያውን» አልሁ።

በባጃጅ ስመለስ ሳቅ አልነበረም። የቤሩቱ ጌታ ትዝ አለኝ። ያኔ እሱና እንግዶቹ ሳይስቁ ቢሰሙኝ ኖሮ ምን እል ነበር? ምናልባት እኔም ለውዝ ለውዝ ይላል እል ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል። እውነቱን ለመናገር አስቤ ነበር፤ «ሁለቱም ስኳር ነው፣ የሾፌሩ ስኳር ግን ይሻላል» ብል ምን ነበረበት? ግን አጎቴ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያስሉ ሰማሁ። ያን ሳል ስሰማ አንደበቴ ተለወጠ።

«የሾፌሩ ነው» አልሁ ጮክ ብዬ። «ንጹሕ የግራዋ ማር። ሦስት ዓመት የከረመ። የሴትዮዋን የስኳር ከረጢት በዓይኔ አይቻለሁ።»

አጎቴ ሦስት ቀን አኮረፉ። አባቴ ጠጁን ከሾፌሩ አስመጡ።

የሠርጉ ዕለት የአንበሳሜ ሰዎች ዳሱ ውስጥ ከፊት ተቀመጡ። ጠጁ ሲቀርብ የሙሽራው አባት ቀምሰው «እንዲህ ያለ ማር ድሮ ቀረ ብለን ነበር» አሉ። አባቴ እንባቸው መጣ። አጎቴ ደግሞ ኩርፊያቸውን ረስተው ሦስተኛ ብርሌያቸው ላይ ደርሰዋል፤ ከእንግዶቹ መሐል ሆነው «ግራዋ ነው። እኔ ነኝ የመረጥሁት። ሦስት ዓመቱ ነው፤ አፍ ውስጥ ይታወቃል» ይላሉ። መምህሩም «ሦስት» ይላሉ። ቆሜ አየኋቸው። ልንቃቸው ፈልጌ ነበር፤ የሚሉት ሁሉ ግን የእኔው ቃል ነው። ውሸቱን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።

ከሙሽራው ወገን፣ ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የሙሽራው አያት እህት ናቸው አሉ። ብርሌውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና መሬት ላይ አስቀመጡት። ሄጄ ጎንበስ አልሁላቸው።

«እሜቴ፣ አልተስማማዎትም?»

«ጥሩ ስኳር ነው ልጄ» አሉኝ፣ እንደ ምርቃት በለሰለሰ ድምፅ። «ጠላ አይጠፋም?»

ዙሪያዬን አየሁ። የሰማ ሰው አልነበረም። ሄጄ የእናቴን ጠላ አመጣሁላቸው፤ እሱን እስከ አተላው ጠጡት።

ከሠርጉ በኋላ ሾፌሩ ዘንድ መሄድ አልተውሁም። መጀመሪያ የሄድሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፍቶኝ ጌሾ ስለቅምላቸው ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመት በዓሉ ከዚያች እንስራ ትንሽ ይቀዱልኛል፤ እኔም እጠጣለሁ። መኮሳተሩን ትቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ «ለመድሽው?» ሲሉኝ፣ «ለመድሁት እንጂ አልወደድሁትም» አልኋቸው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ፤ ጥርስ እንደሌላቸውም ያኔ አወቅሁ።

የምወደው የስኳሩን ነው። የሳቸውን የስኳር ጠጅ፤ የሴትዮዋን አይደለም። የእሷን ዛሬም እንቀዋለሁ።