አላነብም ያለችው ነጃት

ነጃት ዐብዱረሕማንን በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚያውቃት ሁሉ «ምላሷ ከመቀሷ ይቀድማል» ይላታል። ከአባቷ በወረሰችው የክርና የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ከጅምላ ነጋዴ እስከ ደንብ አስከባሪ ማንም በቃል ረትቷት አያውቅም።

ይህችው ሴት ባሏ ጥሏት የሄደ ሰሞን እህል አላሰኝ ብሏት ከስታ ነበር። ያን ጊዜ ጎረቤቷ ያዋሰቻትን ልብ ወለድ ከባንኮኒው ሥር እየደበቀች አነበበች፤ ስለ አንዲት የተከዳች የደጋ ሴት ነው። የጨረሰችው ዕለት አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ምሳ በላች። ከዚያ ወዲህ የደራሲዋ፣ የየትነበርሽ ውባለም፣ መጽሐፍ አንድም አላመለጣትም። በራዲዮ ሲናገሩ እየሰማች ድምፃቸውን እንደ ዘመድ ድምፅ ለመደችው። አንድ ቀን ብታገኛቸው የምትላቸውንም በልቧ አሰናድታ ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ከተማው ከጧት ጀምሮ ደስ አላላትም። ባጃጆቹ የሉም። የፊት ለፊቱ ጫማ ሻጭ በሩን ገርበብ አድርጎ መንገዱን ግራ ቀኝ ያያል። «ምን ተሰማ?» ሲባል መልሱ «ምንም» ነው። የሚያስፈራው እሱ ነበር።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ጠና ያሉ ሴት ገቡ። የካፖርታቸው ጫፍ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

«ጥቁር ክርና መርፌ አለሽ፣ የኔ እመቤት?»

ነጃት ቀና ሳትል በራዲዮ በለመደችው ድምፃቸው አወቀቻቸው። ጥቁር ተብላ ነጭ ክር አነሳች። ልትቀይር ስትንጠራራ የልብስ ቁልፍ ካርቶኑን ገለበጠችው፤ ቁልፉ ሁሉ መሬት ለመሬት ተንከባለለ። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ገና እየለቀመች ሳለ ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ተከታተለ። የገበያው በር ሁሉ እየተንጓጓ ተዘጋ። እሷም ሴትዮዋን ወደ ውስጥ ስባ በሩን ቀረቀረችው።

ሱቁ ጨለመ። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ቀጭን ብርሃን ብቻ ይገባል። ደራሲዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተቀበሉትን ክር ከመርፌው ዐይን ማስገባት አቃታቸው። ነጃት ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ካፖርቱን ተቀበለቻቸውና ትሰፋ ጀመር።

«መጽሐፍ ታነቢያለሽ?» አሏት ድንገት።

«አላነብም።»

ለምን እንዳለችው ራሷም አታውቅም። እፍረቷ ቀድሟት ተናገረ።

«ሸጋ ነው» አሉ፤ ትከሻቸው ረገብ አለ። «እንግዲያ ላንቺ ቢነግሩሽ አታዝኚም። እኔ ደራሲ ነኝ። ቃል እየጠፋኝ ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ የዕቃ ስም፣ ቀጥሎ የሰው ስም። ዛሬ ያረፍኩበት ቁስቋም ነው፣ የእህቴ ልጅ አበቡ ቤት። ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ወጥቼ መመለሻው ጠፋኝ። ክሩንም የጠየቅሁሽ ዝም ብዬ መቆም አፍሬ ነው።»

ነጃት መርፌውን እንደያዘች መስፋቱን ተወችው።

«ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ልሄድ ነው» ቀጠሉ። «እህቴ እዚያ ናት። መልኳን ሳልረሳ ልድረስ።»

«መንገዱ እኮ አደጋ ነው፣ እትዬ።»

«ምነው፣ እዚህስ?»

በዚህ መሐል ውጭ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ኮቴው ከሱቁ ፊት ቆመ። በሩ በኃይል ተመታ። ሴትዮዋ ፊታቸው ፈካ ብሎ፣ እቤታቸው እንዳሉ ሁሉ፣ «መጣሁ፣ ልክፈት» እያሉ ተነሡ።

«እትዬ የትነበርሽ!» ነጃት በሹክሹክታ ጮኸች፤ ወገባቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። አፋቸውን በመዳፏ ሸፈነች። አንድ ሰው በሩን ነቅነቅ አድርጎ ለቀቀው። ኮቴው ራቀ።

ደራሲዋ ግንባራቸውን ያዙ። «ስሜን ነገርኩሽ እንዴ?» አሉ። «እዚሁ? አሁን?» ተኩሱ ያላስፈራቸውን ያህል ይህ አስፈራቸው።

«አዎ፣ ነግረውኛል» ብትል እፍረቷ ተሸፍኖ ይቀርላት ነበር። ግን ዐይናቸውን አየች።

«አልነገሩኝም። አልረሱም፣ ወላሂ። ያነበብኩትን አላነበብኩም ያልኩዎት እኔ ነኝ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ። አፍሬ ነው።»

ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ዕረፍት፣ ቀጥሎ ኀዘን አለፈ። «ታዲያ አሁን አዘንሽ» አሏት።

«አዝኛለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያ የተሰናዳ ንግግር አላስፈለገም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ተኩሱ እስኪበርድ ተቀመጡ።

ሊመሽ ሲል ወጡ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ውሻ እንኳ አይጮኽም። የቁስቋምን ዳገት ቀስ እያሉ ሲወጡ ሴትዮዋ ሁለቴ «ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» ብለው ጠየቁ። ነጃት ሁለቴም ስሟን ጨምራ እንደ አዲስ መለሰች። አበቡ ከደጅ ቆማ ታለቅስ ነበር።

በሳምንቱ ደራሲዋ ወደ መካነ ብርሃን ሄዱ። ማንም ሊያስቀራቸው አልቻለም። ነጃት ለስንብት ስትሄድ ግንባሯን ስመው፣ ስሟን ሳይረሱ «ነጃት» ሲሏት ደስታዋን መያዝ አቃታት።

ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። አበቡ በየካቲት ወደ ሱቁ ጎራ ብላ፣ ከጃናሞራ በእግሩ የመጣ ሰው ያላትን ነገረቻት፦ ደርሰዋል፤ እህታቸውን በስሟ ጠርተው ተቃቅፈው ተላቅሰዋል፤ እሳቸው በደረሱ ማግስት መንገዱ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው አልመጣም።